ሀብተ ጊዮርጊስ ብድግ ሲል

ካምፓላ ውስጥ በሚኖሩ ሐበሾች ዘንድ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ቤዝ ጊታር መጫወቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትልቅ ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ማለቱ። ብድግ የማይል ሐበሻ የት አለና ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሁላችንም እንላለን። ብዙዎቻችን ግን ከወንበራችን ትንሽ ከፍ ብለን «ኖር» እንልና እንግዳው «በእግዜር» ብሎ ሳይጨርስ ተመልሰን ዘፍ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ እንደዚያ አያውቅም። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ወገቡ እጥፍ ይላል፣ ቀኝ እግሩ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ይወጣል፤ እንግዳው ቦታ ይዞ እስኪደላደል ድረስም ንቅንቅ የለም።

ይህ ጠባዩ ካምፓላ ውስጥ ብዙ ጣጣ አምጥቶበታል። በታክሲ ሲሄድ አሮጊት ከተሳፈረች ተነስቶ ጣሪያውን በአናቱ ይመታል። በሚሄድበት መስመር ያሉት የታክሲ ረዳቶች ከመልመዳቸው የተነሳ አሮጊት ባዩ ቁጥር አስቀድመው እጃቸውን አናቱ ላይ ይጭኑበት ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሲጓዝ አንድ ነጭ ጸጉር ሽማግሌ መንገድ ሲያቋርጡ አየና እርካቡን ረግጦ ብድግ አለ። ባለ ሞተሩ መሪው ተወላግዶበት ሁለቱም ቦይ አፋፍ ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ሰቦ፣ ጌታው፣ ምን አይተህ ነው?» አለው ባለ ሞተሩ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት።

«ሽማግሌ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

ባለ ሞተሩ ሽማግሌውን ዞር ብሎ አየና የቀረውን መንገድ በእግሩ እንዲሄድ አደረገው።

ነገሩ ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ ደብረ ማርቆስ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ማታ ማታ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ያለ ምንም ጉዳይ እየተመላለሱ ልጆቻቸውን ይፈትኗቸዋል። ቀልጠፍ ብሎ ያልተነሳ ልጅ ራቱን ቆሞ ይበላል። ሀብተ ጊዮርጊስ የአባቱን መሞት የሰማው ካምፓላ ከመጣ በኋላ በስልክ ነው። ሲነገረው ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ አለ። ወዲያ ማዶ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም መነጋገሪያውን በእጁ እንደያዘ፣ ማን ቦታ እስኪይዝ እንደሚጠብቅ ሳያውቅ፣ ብዙ ቆመ። የሚያውቁት ሰዎች ከዚያ ወዲህ ነው የባሰበት ይላሉ።

ሥራው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ በአንድ የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ፍራሽ ያስገባል፣ ፍራሽ ያስወጣል። ወገቡም የተጎዳው እዚያው ነው፤ ያን ሁሉ ፍራሽ እያስተዳደረ በወገብ ሕመም መሰቃየቱ ለወዳጆቹ የማያልቅ መሳለቂያ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግን ሀብተ ጊዮርጊስ የፍራሽ ሰው መሆኑ ያበቃል። ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር፣ አክበረት ምግብ ቤት፣ ከአዳራሹ ጥግ ባለችው ከፍ ያለች ሳንቃ ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ቤዙን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፣ ከቀበሌ የኪነት ቡድን ጀምሮ አብሮት የኖረውን ሥራ ይሠራል። ለዚያች ግማሽ ቀን ሲል ነው ስድስቱን ቀን የሚኖረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘመኑ 1990 ዓ.ም. አልቆ 1991 ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ባንዱ አራት ሰው ነበረው፤ ከዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹን መሥሪያ ቤቱ ወደ ናይሮቢ አዛወረው። ሰውዬው ሲሄድ ኪቦርዱን ይዞ ሄደ። ኪቦርዱ ውስጥ ደግሞ ሳክስፎኑም፣ መሰንቆውም፣ ክራሩም፣ የሴቶቹ ተቀባዮች ድምፅም ነበሩ፤ አንድ ሰው ሄደ ሲባል ግማሽ ኦርኬስትራ ሄዷል። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ናጉሩ የምትኖረውና በአንድ የእርዳታ ድርጅት ጸሐፊ የሆነችው ዘፋኟ ጸሐይነሽ፣ በአየር መንገድ ትኬት ቢሮ የሚሠራው ከበሮ መቺው ኢዮኤል፣ እና ሀብተ ጊዮርጊስ።

በሁለተኛው እሑድ የቤቱ ባለቤት አክበረት እጆቿን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣችና ሳንቃው ፊት ቆመች። አክበረት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ዕድሜዋን ማንም ጠይቋት የማያውቅ ሴት ነበረች።

«ድምፃችሁ የለቀቁት ቤት ይመስላል» አለች። «ከበሮ እዚህ፣ ዘፈን እዚያ፣ መሀሉ ባዶ። ሰው መሀል ላይ የራሱን ጉርሻ ሲያላምጥ ይሰማዋል።»

«አንድ ሰው ጎደለብን እኮ» አለች ጸሐይነሽ።

«አውቃለሁ። የዘመን መለወጫውን ግብዣ ትጫወታላችሁ። ያን ቀን ቤቱ ከሞላ ቆያችሁ። ካልሞላ ሲዲ አስገባለሁ። ሲዲ ደግሞ እንደ ኢዮኤል ክትፎ አይደግምም።»

ኢዮኤል ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ከአክበረት ቤት ከወጡ የሚጠራቸው ሌላ ቤት አልነበረም። ሀብተ ጊዮርጊስ ይህን ያውቃል። ቤዙ አልጋ ሥር ይገባል፣ እሑድም እንደ ሰኞ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ፍራሽ ሲያስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

መፍትሔውን ያመጣው ኢዮኤል ነው። ኢዮኤል ሀብተ ጊዮርጊስን «አንተ» የሚለው ተለምኖ ነው፤ «ጋሽ» የምትለዋን ግን ቢለመንም አልተዋትም።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ፔዳል ግዛ» አለው። «ናይሮቢ ያየሁት ባንድ ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ቤዝ ተጫዋቹ እግሩ ሥር ሣጥኖች ደርድሯል። አንዱን ሲረግጥ እንደ ኦርጋን፣ ሌላውን ሲረግጥ እንደ መለከት።»

ፔዳል በእግር የሚረገጥ የብረት ሣጥን ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ግማሽ ያህላል። የጊታሩ ገመድ በአንድ ጎኑ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፣ መሀል ላይ ሣጥኑ ድምፁን የፈለገውን ያደርገዋል። ሀብተ ጊዮርጊስ ነገሩን ያውቀዋል፤ በኪነት ዘመኑ አንዱን በሩቁ አይቶ በልቡ ንቆታል። ቤዝ የሚባለው ጣትና ክር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ይሁን እንጂ እምነት ሌላ፣ እሑድ ሌላ።

ኪሰንዪ ውስጥ የሱፍ የሚባል የወሎ ሰው ሱቅ አለው። ፔርሙስ፣ ብርድ ልብስና ሻንጣ ነው የሚሸጠው። በቅርቡ የተበተነ አንድ የኮንጎ ባንድ ለመንገድ ሻንጣ ቢቸግረው ዕቃውን ለየሱፍ ሰጥቶ ሻንጣ ወስዶ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ቤዙን አንግቶ ሲደርስ የሱፍ ሣጥኖቹን በጨርቅ ወልውሎ ባንኮኒው ላይ ከፔርሙሶቹ ጋር ደርድሯቸው አገኘ። ጽሑፋቸው በኮንጎዎቹ ጫማ ተፍቆ አልቋል፤ የቀረው ቀለማቸው ብቻ ነው።

«ሰማያዊው ጥሩ ነው» አለ የሱፍ።

«ምን ያደርጋል?»

«ሰማያዊ ነው።»

«የሱፍ፣ ድምፁን ምን ያደርገዋል ነው የምልህ።»

«ወላሂ እሱን አላውቅም። ግን ሰው ይመጣል፣ ያየዋል፣ ሰማያዊውን ያነሳል።»

ሀብተ ጊዮርጊስ መሬት ላይ አድርጎ በእግሩ ሊሞክራቸው ፈለገ። የሱፍ አሻፈረኝ አለ፤ የተወለወለ ዕቃ እሱ ሱቅ ውስጥ መሬት አይወርድም። ስለዚህ ኮንጎዎቹ ከተዉት ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተው ባንኮኒው ላይ በእጅ እየተጫኑ ሞከሯቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሙከራው መሀል አንዲት አዛውንት ብርድ ልብስ ሊገዙ ሲገቡ ሀብተ ጊዮርጊስ እንደ ወትሮው ብድግ ብሏል፣ ቀኝ እግሩም ግማሽ እርምጃ ወጥቷል። ያረፈው ግን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ብርቱካናማውን ሞከሩ። ቤዙ አጓራ። ከደጅ ያለችው ሙዝ ሻጭ ጉልቷን ትታ ሁለት እርምጃ ሸሸች።

«ይሄ ጅብ ነው» አለ የሱፍ።

«ቆይ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ቁልፉን ወደ ታች አዞረና። ጅቡ ረጋ አለ። ሲቀንስለት ድምፁ ሻካራ ሆኖ ከወፍራሙ ክር በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የኪቦርዱ ግራ እጅ ይሞላው የነበረውን ቦታ ይሞላል። ለብቻው አስቀመጠው።

ሰማያዊው አንዱን ቤዝ ሦስት አደረገው። ሦስት ሰዎች አንድ ዜማ ለመያዝ ተስማምተው በጥቂቱ የተላለፉ ይመስላል። ሀብተ ጊዮርጊስ በአንቺሆዬ ቅኝት ትንሽ ሄደበትና ዓይኑን ጨፈነ።

«ነገርኩህ አይደል» አለ የሱፍ። «ሰማያዊ ነው።»

ቡናማው ደግሞ ለእያንዳንዱ ድምፅ ከሥሩ ሌላ ወፍራም ድምፅ ይጨምርለታል። ፔርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ተንቀጫቀጩ። የሱፍ ሁለቱን በሁለት እጁ ደግፎ «ታላቅ ወንድሙ መጣ» አለ።

ነጩ የተባለውን መልሶ መላልሶ የሚናገር ሆነ። በጭክጭካ ምት ሲሞክሩት የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው እየመጣ እርስ በርሱ ተራገጠ።

«ይቺ አማቴ ናት» አለ የሱፍ። «አንድ ነገር አራት ጊዜ።»

መጨረሻ አረንጓዴው ቀረ። እሱ ድምፁን አያወፍር፣ አያበዛ፤ ዝም ብሎ ያዞረዋል፣ እንደ ውሃ ያሽከረክረዋል፣ ይወጣል ይወርዳል።

«ይሄ ምንም አይሞላም» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ዝም ብሎ ያሽኮረምማል።»

«ታዲያ ማሽኮርመም ምን ነውር አለው? ውሰደው፣ ምርቃት ነው።»

«ሙዚቃ ላይ ምርቃት የለም፣ የሱፍ። የማያስፈልግ ነገር ከጨመርክ የነበረውን ታጠፋለህ።»

«ሙዚቃ ላይ ባይኖር ሱቅ ላይ አለ።»

«አልፈልግም አልኩህ።»

ሦስቱን ይዞ ወጣ። ነጩና አረንጓዴው ከፔርሙሶቹ ጋር ቀሩ።

ልምምዳቸው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ ፍራሽ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ከአልጋ ርብራብ አንድ ጣውላ ቆርጦ ሦስቱን ሣጥኖች ጎን ለጎን አሰረባቸው፦ ሰማያዊው ወደ ግራ፣ ብርቱካናማው መሀል፣ ቡናማው ወደ ቀኝ። ጣውላውን ከወንበሩ ፊት፣ ቀኝ እግሩ ዘርጋ ሲል የሚደርስበት ቦታ ላይ አኖረው። ወገቡ ቆሞ ስለማያጫውተው ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው የሚመታው።

ጣሪያ ድረስ የተቆለለ ስፖንጅ ባለበት ቤት ድምፅ ከአፍ ሳይወጣ ይዋጣል።

«ብርቱካናማውን ትንሽ ጨምርለት» ይላል ኢዮኤል።

«ጨመርኩ።»

«አይሰማም፣ ጋሽ ሀብቴ። ደግሞ ጨምር።»

«ይኸው ጨመርኩ።»

በመጨረሻ ሁሉም ቁልፎች እስከ ጥጋቸው ዞሩ። ያኔ ልክ መጡ። ስፖንጁ መሀል ሦስቱ ሰዎች እንደ ሰባት ሰው ተሰሙ። ሀብተ ጊዮርጊስ በእግሩ አውራ ጣት ጫፍ፣ እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ አንዱን ያበራል፣ ሌላውን ያጠፋል። ጸሐይነሽ ሰው ማመስገን የማይሆንላት ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ማይክሮፎኗን ዝቅ አድርጋ «አሁን ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል» አለች። መጋዘኑ ውስጥ ከሀብተ ጊዮርጊስ የሚበልጥ ሰው ስላልነበረ በአራት ቅዳሜ ልምምድ አንድ ጊዜም ብድግ አላለም።

የዘመን መለወጫው እሑድ ደረሰ። አክበረት በረንዳው ላይ ሳይቀር ጠረጴዛ ደርድራለች። ከአየር መንገዱ፣ ከድርጅቶቹ፣ ከኤምባሲው፣ ከኪሰንዪ ሱቆች ሰው መጥቷል። ታላላቆቹ ግን አልመጡም፤ ታላቅ ሰው በሰዓቱ አይመጣም።

ባንዱ በትዝታ ቅኝት፣ በዝግታ ጀመረ። ሦስቱም ሣጥኖች ጠፍተው ነበር፤ ዘዴው በሁለተኛው ግጥም ላይ ሰማያዊውን አብርቶ ሰውን ማስገረም ነው። ጸሐይነሽ ዓይኗን ጨፍና ስለ ርቀት የምታዝንበት ቦታ ላይ ደርሳለች። በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና የማኅበረሰቡ ሊቀ መንበር፣ ጡረተኛው የአየር መንገድ ሰው ጋሽ ወልደየስ፣ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ብድግ አለ። ቀኝ እግሩ ግማሽ እርምጃ ወጣ፤ ብርቱካናማው ላይም አረፈ።

እስከ ጥጉ የዞረው ቁልፍ ስፖንጅ ለማሸነፍ የተዘጋጀ ነበር። እዚህ ግን የነበረው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። የወጣውን ድምፅ መግለጽ ያስቸግራል፤ አንበሳ በቧንቧ ውስጥ ሲያገሳ ነው ቢባል ይበቃል። ሕፃን አለቀሰ። ከጠረጴዛ ሥር ድመት ወጥታ በመስኮት ሄደች። ጋሽ ወልደየስ ከዘራቸው በአየር ላይ እንደተነሳ በሩ መሀል ቆሙ።

«ኖር፣ ጋሽ ወልደየስ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጎንበስ እንዳለ። የመታውን ክር ይዞ ድምፁን ሊያቆም እጁ አልታዘዘውም። ሽማግሌ ሳይቀመጥ መቀመጥ፣ ሳይቀመጥም እግር መሰብሰብ አልተማረም።

ጋሽ ወልደየስ ከዘራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ቀኝ እጅ ነሱ፣ ወደ ግራ እጅ ነሱ፤ ከዚያ ጩኸቱ መሀል አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ወደ ጠረጴዛቸው ተራመዱ። ኢዮኤል የሚያደርገው ቢጠፋው በከበሮ አጀባቸው። ተቀመጡ። ሀብተ ጊዮርጊስም ተቀመጠና አጠፋው።

«ምን ነበር እሱ?» አለች ጸሐይነሽ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ጋሽ ወልደየስ ገቡ።»

«መግባታቸውንማ ጂንጃ ከተማ ድረስ ሰምተውታል።»

ሀብተ ጊዮርጊስ እግሩን ወንበሩ ሥር አጥፎ ደበቀው። ከፊቱ ሦስት ሣጥኖች፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን ያጣመረች አክበረት አሉ። ፊቷ አይነበብም። አለቀልን፣ እሑዴም አበቃ፣ ሲል አሰበ።

ያን እያሰበ እትዬ ውድነሽ ልጃቸውን ተደግፈው ገቡ። ዳሌያቸውን የሚያማቸው፣ ከቤት ብዙም የማይወጡ ሴት ናቸው። እንዳልነሳ ብሎ ራሱን ተማጸነ፤ ጉልበቱ ግን የእሱ ሳይሆን የአባቱ ነበር። የተደበቀው እግር ሲወጣ መንገዱን ስቶ ወደ ግራ ሄደና ሰማያዊውን መታ። ቤዙ ሦስት ሆነ፣ ቤቱ ሁሉ አብሮት ያዜመ መሰለ። እትዬ ውድነሽ ቀና አሉ፣ የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ፣ ትከሻቸውን በትንሹ ነቅነቅ እያደረጉ እስከ ወንበራቸው ሄዱ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሦስተኛው የጅማው ነጋዴ ሐጂ አህመድ ናቸው። ለእሳቸው እግሩ ወደ ቀኝ ወጣ። ቡናማው ሲነሳ ጠረጴዛ ላይ ያሉ የሚሪንዳ ጠርሙሶች በራሳቸው መራመድ ጀመሩ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው «ሱብሃነላህ» አሉ። «መሬቱም ተነሳልኝ።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከሙዚቃ ወጥቶ የክብር ጉዳይ ሆነ። በዘፈኖች መሀል ጋሽ ወልደየስ ወደ ሳንቃው መጡ።

«ሀብተ ጊዮርጊስ።»

ብድግ አለ። ተመስገን፣ እጁ ክሮቹን ይዞ ነበር።

«ለሐጂ መሬት ተንቀጠቀጠላቸው» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «ደስ ብሎኛል፣ ወዳጄ ናቸው። ለእኔ ግን የጮኸው የከባድ መኪና ጭስ ማውጫ ነው።»

«ጋሼ፣ እግሬ ነው ያደረገው። እርስዎን ለይቶ አይደለም።»

«እንግዲያው እግርህን ምከርልኝ። እኔ አሁን ትንሽ አየር ልቀበል ነው» ብለው ወጡ።

ወዲያው ተመልሰው ገቡ። በሩ መሀል ቆመውም ጠበቁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ምን ያድርግ፤ ብድግ አለ፣ እግሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ አስቦ ቡናማው ላይ አሳረፈው። ጋሽ ወልደየስ በእርካታ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። እትዬ ውድነሽ ይህን ሲያዩ ለልጃቸው «እስቲ ደግፊኝ፣ የጭስ ማውጫውን እኔም ልሞክረው» አሏት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ሰልፍ ተሠራ። ቀደም ብለው ገብተው ማንም ያላያቸው ሰዎች በጓሮ እየዞሩ በፊት በር ይገባሉ። ለመሥሪያ ቤታቸው አምሳ አልሞላንም ብለው የተመዘገቡ ሰዎች ሀብተ ጊዮርጊስ ሳይነሳላቸው ሲቀር፣ ስድሳ ማለፋቸውን በሰው ምስክር ማስረዳት ጀመሩ። ኢዮኤል ለእያንዳንዱ ከበሮ ይመታል። ጸሐይነሽ መጀመሪያ ተበሳጨች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ በመጨረሻ የሚገባውን ሰው ስም ዘፈኑ ውስጥ እየሰካች መዝፈን ያዘች። ማንም የራሱን ጉርሻ ሲያላምጥ አልሰማም። በረንዳው ላይ ያሉት ወንበራቸውን እያነሱ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ።

አክበረት ግን አልሳቀችም። በዚህ ሁሉ መሀል ትሪ ይዛ ትገባለች፣ ትሪ ይዛ ትወጣለች፤ በወጣች ቁጥር ሳንቃውን ትመለከትና ከንፈሯን ትነክሳለች። ሀብተ ጊዮርጊስ በእያንዳንዷ አስተያየት ሲዲው ወደ ቤቱ ሲቀርብ ይታየው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰዉ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ወደ ወጥ ቤት አስጠራችው። እሷ ድስት ላይ አጎንብሳ ነበር።

«ቤቱ ሞላ» አለች፣ ዞር ሳትል።

«ሞላ» አለ በተስፋ።

«ለወልደየስ ተነሳህ።»

«አዎ።»

«ለውድነሽ ተነሳህ። ለሐጂ ተነሳህ። እነዚያ በጓሮ ለዞሩት ቀጣፊዎች ሳይቀር ተነሳህ።» አሁን ዞረች። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስገባ ስወጣ እግሬ ቀጠነ። በገዛ ቤቴ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ፣ ጢጥ ያለልኝ አለ?»

ሀብተ ጊዮርጊስ አልጠበቀውም ነበር።

«አክበረት፣ እነሱ እኮ ታላላቆቼ ናቸው። አባቴ ያስተማረኝ ለታላቅ ነው።»

«እኔስ?»

ሀብተ ጊዮርጊስ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አክበረት ስንት እንደሆነች እግዜር ነው የሚያውቀው። «ታናሼ ነሽ» ካለ ያልተነሳላት ስለናቃት ነው። «ታላቄ ነሽ» ካለ ደግሞ ከወጥ ቤቱ በሕይወት አይወጣም። የሚነሳላት ከሆነ መላው ካባላጋላ ያየዋል፣ ዕድሜዋንም ይቆጥራል።

«እስከሚቀጥለው እሑድ ጊዜ ስጪኝ» አለ።

«ሲዲው እዚህ አለ» አለች አክበረት፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ካርቶን በማማሰያ እያሳየችው። «ገና አልተፈታም።»

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ኪሰንዪ ወረደ። የሱፍ ገና ከሩቁ ሲያየው ባንኮኒው ሥር አጎነበሰና አረንጓዴውን አወጣ።

«ምርቃቱን ፈልገህ መጣህ።»

«በምን አወቅክ?»

«እኔም እኮ እሑድ በጓሮ ዞሬ ገብቻለሁ። አልተነሳህልኝም፣ ቂም አልያዝኩም። ለማን ነው?»

«ለሴት።»

«አላህ ይጨምርልህ። ልታገባ ነው?»

«አይደለም። ሥራዬን እንዳላጣ ነው።»

የሱፍ ሣጥኑን በጨርቅ እየወለወለ ብዙ አሰበበት። «እሱም ያው ነው» አለ።

ሀብተ ጊዮርጊስ በዚያ ሳምንት ሌላ ጣውላ ቆረጠ። አረንጓዴውን ከሦስቱ ጋር አላሰረውም። ከወንበሩ በስተግራ፣ ከግራ ተረከዙ ሥር፣ ቆሞ ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችልበት ቦታ ላይ ለብቻው አኖረው። እሱ የሚረገጠው ተቀምጦ ብቻ ነው። የሦስቱንም ቁልፎች ወደ ታች መለሰ፤ ጋሽ ወልደየስ ቅር እንዳይላቸው ብሎ የቡናማውን ብቻ ትንሽ አስተረፈ።

እሑድ ሆነ። ታላላቆቹ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጡ፤ በየተራም ገቡ፣ የየድርሻቸውን ወሰዱ፣ ተቀመጡ። ባንዱ በባቲ ቅኝት ቀለል ያለ ነገር ጀመረ። የወጥ ቤቱ በር በትከሻ ተገፍቶ ተከፈተና አክበረት ትልቅ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ኢዮኤል ዱላዎቹን አንስቶ ሀብተ ጊዮርጊስን አየው። ጸሐይነሽም አየችው። ጋሽ ወልደየስም ጉርሻቸውን አቁመው አዩት።

ጉልበቱ ሊነሳ ፈለገ። ለምን እንደፈለገ ሀብተ ጊዮርጊስ አልጠየቀውም፤ ቤዙን ተጭኖ ቁጭ አደረገው። ከዚያ ተረከዙን ቀስ ብሎ አሳረፈ።

ድምፁ ዞረ። ከወለሉ ተነሳ፣ በግድግዳው ሄደ፣ ጣሪያው ሥር ተጠማዘዘና ተመልሶ ወረደ። አላጓራም፣ ምንም አላንቀጠቀጠም። አክበረት መሀል መንገድ ላይ እንደ ማመንታት አለች። ወደ ሳንቃው አላየችም። ትሪውን የሐጂ አህመድ ጠረጴዛ ላይ አሳረፈች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ የተስተካከለውንም ደግማ አስተካከለች፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በሩ ገና መወዛወዙን ሳያቆም ተመልሳ ወጣች። ይዛው የወጣችው ሌላኛው ትሪ ላይ ምንም አልነበረም።